ራስና ሁለት እጅ

ሰው ሁሉ ጠላት የሚያፈራው በራሱ ሥራ ነው። እኔ ግን ጠላት ያፈራሁት በእግዚአብሔር ሥራ ነው። አራት ዓመት ሙሉ በአንድ የክልል ቴሌቪዥን ጣቢያ የአየር ሁኔታ አቅራቢ ነበርኩ። የሚያዘንበው እሱ፣ የምሰደበው እኔ። ገበያ ስወጣ ቲማቲም ሻጯ "ይዘንባል ብለሽ ሰው አስቀረሽብኝ" ትለኛለች። ጎረቤታችን ደግሞ "ፀሐይ ነው ስላልሽ አጥቤ አሰጣሁ" ብላ የራሰ አንሶላዋን ታቅፋ በራችን ላይ ትቆማለች። አንሶላውን ተቀብዬ እንዳደርቅላት ነው የምትጠብቀው።

የሙያው ሰዎች "በአንዳንድ ቦታዎች" የምትባለዋን ነገር የሙጥኝ ያልነው ለዚህ ነው። "ነገ በአንዳንድ ቦታዎች ከፊል ደመናማ ሆኖ በጥቂት ቦታዎች ቀላል ዝናብ ሊኖር ይችላል" ካላችሁ ማን ይከሳችኋል? ከክልሉ አንድ ጥግ ላይ ደመና አይጠፋም። እኔ ይህችን ነገር ከማብዛቴ የተነሳ የከተማው ሰው ስሜን ትቶ "በአንዳንድ ቦታዎች" እያለ ይጠራኝ ነበር። ልማዱ ከስቱዲዮ ወጥቶ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። እናቴ "እንዴት ነሽ?" ስትለኝ እንኳ "ደህና ነኝ፣ አንዳንዴ ብቻ ይደክመኛል" ነው መልሴ።

ስለ ሥራው ደረጃ ጥቂት ልንገራችሁ። የአየር ሁኔታ አቅራቢ ማለት ዜና አንባቢ ለመሆን ተራ የሚጠብቅ ሰው ነው። ዜና አንባቢው አዲስ አበባ ካለ ትልቅ ጣቢያ እስኪጠራ ይጠብቃል። ያልተጠራው አንዱ ቢሮ ውስጥ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ሆኖ ያረጃል። እኔ አራት ዓመት ተራ ጠበቅሁ። ለአራት ሴት አቅራቢዎች አንድ ኮት ነበረችን፤ ለወፍራም ሰው የተሰፋች ስለሆነች ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ሰብስበን ነበር የምንለብሳት። ከፊት ላየን ሚኒስትር እንመስላለን፤ ከኋላ ላየን ግን አፉ የተቋጠረ ጆንያ። ከወገብ በታችማ ነጠላ ጫማ ነው። አንድ ቀን "በጀት የለም፣ ኮንትራትሽ አልቋል" ተባልኩ፤ በሳምንቱ በቦታዬ ሌላ ልጅ ቆማ አየሁ። እኔም ኩዌት ገባሁ።

የመጀመሪያ ቀን ጉዴን ካልነገርኳችሁ ግን የኋላው አይገባችሁም። ከአቅራቢው ጀርባ ካርታ የተሰቀለ ይመስላችኋል። ያለው አረንጓዴ ጨርቅ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ አረንጓዴ ባየበት ቦታ ሁሉ ካርታውን ይለጥፋል፤ እኛ ባዶ ጨርቅ ላይ እየጠቆምን ሰሜን ደቡብ እንላለን። ይህን እናቴ ከየት ታውቃለች? ለልጇ የመጀመሪያ ቀን ብላ፣ ለክፉ ቀን ካስቀመጠችው አውጥታ አንድ ቅጠልያ ቀሚስ አሰፋችልኝ። ስርጭቱ በቀጥታ ነበር። መንደሩ ቤታችን ተሰብስቦ ሲጠብቅ ኮምፒውተሩ ቀሚሴን ከጨርቁ ጋር አንድ አድርጎ ካርታ ለጠፈበት። የታየው አንድ ራስና ሁለት እጅ ብቻ ነው። ራሴ አየር ላይ ተንሳፍፎ "እንደምን አመሻችሁ" ይላል፤ እጆቼ ለብቻቸው ከወረዳ ወረዳ ይበራሉ። እናቴ "ቀሪ አካሏስ?" ብላ ጮኸች አሉ። በማግስቱ የዜና ክፍል ኃላፊው የስቱዲዮው በር ላይ "አረንጓዴ ለብሶ መግባት ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ለጠፈ። በሙያው ትቼው የሄድኩት ቅርስ ያ ወረቀት ነው።

እዚህ ኩዌት፣ ሩማይሲያ በሚባል ሰፈር ያለሁበት ቤት ውስጥ ይህን ታሪክ ማንም አያውቅም ነበር። መክተቡ፣ ማለትም ሠራተኛ የሚያስመጣው ቢሮ፣ ቅጼ ላይ "የሥራ ልምድ" በሚለው ቦታ "ማጠብ፣ መተኮስ፣ ምግብ ማብሰል" ብሎ ሞልቶልኛል። ቴሌቪዥን ላይ ነበርኩ ብል ቴሌቪዥን ስወለውል እንደነበር አድርገው ይረዱኛል ብዬ ዝም አልኩ። ማዳም በገባሁ ቀን ዩኒፎርም ስትሰጠኝ ግን ሳቄ አመለጠኝ። አረንጓዴ ነበራ። ከዚያ ለመድኩት። በሁለት ዓመት ውስጥ ልብስ መሆኑንም ረሳሁት፤ ቆዳዬ ሆነ።

ሙያዬ ግን ጨርሶ አልተወኝም። የባባ፣ ማለትም የማዳም ባል፣ እናት አሉ፤ ቤቱ ሁሉ ማማ ኡዳ ይላቸዋል፣ ትልቋ እናት እንደ ማለት ነው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ያዳምጣሉ፤ የአየር ሁኔታ አቅራቢው ብቅ ሲል "ከዛብ" ብለው ይሰድቡታል፣ ውሸታም ማለታቸው ነው። እሳቸው ሲሰድቡት እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ ልቤ ይደማል። ኩዌት ውስጥ እንኳ፣ "ነገም ሙቀት ነው" ከማለት ሌላ ሥራ በሌለበት አገር፣ ሰውዬው አልታመነም። ጠዋት ጠዋት "ውጪው እንዴት ነው?" ይሉኛል። ግቢ ወጥቼ ሰማዩን አይቼ፣ ድምፄን አስተካክዬ በተሰባበረ አረብኛዬ እነግራቸዋለሁ።

አንድ ጠዋት እንዲህ ስናገር የቤቱ ሾፌር ጋሽ አበራ መኪና ሲያጥቡ ጨርቁን እንደያዙ ቀጥ ብለው ቀሩ።

"አንቺ 'በአንዳንድ ቦታዎች' ነሽ አይደል?" አሉኝ።

ሰውዬው የክልላችን ሰው ናቸው። ምድር ጠባብ ናት ለካ። "ፀሐያማ ነው ብለሽ የእህቴን ልጅ ሠርግ ድንኳን ጎርፍ ወስዶታል" አሉኝ። ሙሽራውም ድስቱም አብረው ሊሄዱ ነበር አሉ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። "ተጋብተዋል፣ ሁለት ወልደዋል፤ ግን ድንኳኑ የኪራይ ነበር" ብለው ወደ መኪናቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ወዳጆች ሆንን፤ ምስጢሬንም ጠበቁልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ኮንትራቴ ሁለት ወር ሲቀረው ማዳም ጠራችኝ።

"ኢቃማሽ ሊያልቅ ነው" አለችኝ፤ የመኖሪያ ፈቃዴን ማለቷ ነው። "ሁለት ዓመት ትጨምሪያለሽ ወይስ ትሄጃለሽ? ዓርብ ጠዋት ቁርጡን ንገሪኝ።"

መሄድ ፈልጌ ነበር። ናፍቆኛል፣ ደክሞኛል። ግን ከተማው በሙሉ የሚያውቀውን ፊት ይዞ፣ ሥራም ሳይኖር መመለስ አስቡት። ሌላው ተመላሽ ተሸፋፍኖ ሰፈሩ ይገባል፤ እኔን ግን ገና ከአውቶቡስ ስወርድ ነው "ምነው፣ ቴሌቪዥኑን ትተሽ የት ነበርሽ?" የሚሉኝ። በዚያው ሳምንት የድሮው ኃላፊዬ መልእክት ላከልኝ። የአየር ሁኔታ አቅራቢ ቦታ ተከፍቷል፣ በዚህ ጊዜ ቋሚ ቅጥር ነው፤ የሦስት ደቂቃ ፈተና በስልክ ቀርጸሽ ሐሙስ እስከ ሰባት ሰዓት ላኪ፤ ጀርባሽ አረንጓዴ ይሁን፣ ካርታውን እኛ እናስገባለን ይላል። የሚነበበውንም ጽሑፍ አያይዞታል። ሒሳቡ ቀላል ነበር። ካለፍኩ አገሬ እገባለሁ፤ ከወደቅሁ ሁለት ዓመት እጨምራለሁ።

አረንጓዴ ጨርቅ ከየት ይምጣ? እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው። የዲዋኒያው፣ የባባ የወንድ እንግዶች መቀበያ ክፍል መጋረጃ አረንጓዴ ነው፤ በዓመት አንዴ ይታጠባል፤ የዘንድሮው መታጠቢያ ቀን ደግሞ ያው ሐሙስ ዋለ። አጥቤ ሰገነቱ ላይ ባለው ገመድ ሰቀልኩት። ከስቱዲዮው ጨርቅ የእሱ ይበልጣል። ኮት ጋሽ አበራ ሰጡኝ፤ ዓርብ ዓርብ ኩዌት ሲቲ ለቅዳሴ ሲሄዱ የሚለብሷት ብቸኛ ኮታቸው ናት። ዩኒፎርሜ ላይ ደርቤ እስከ አንገቴ ቆለፍኳት። ሁለት የእኔን አካል ስለምትይዝ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ሰባት ቦታ ሰበሰብኳት። የድሮ ቤቴ የገባሁ መሰለኝ።

ጠዋት ማማ ኡዳ ጉልበታቸውን እያሹ "ዛሬ ጦዝ ይመጣል" ብለውኝ ነበር። ጦዝ የዚህ አገር አቧራ ነው፤ እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚመጣ። እኔ ደግሞ ግቢ ወጥቼ ቀና ብዬ አይቼ "ማማ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው" አልኳቸው። አራት ዓመት የሠራሁበት ሙያ ነው፤ በጉልበት ልሸነፍ?

ስድስት ሰዓት ላይ ሰገነቱ ወጣን። ጋሽ አበራ ስልኩን እንደ መሪ በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆሙ።

"ክቡራትና ክቡራን ተመልካቾቻችን፣ እንደምን ዋላችሁ" ብዬ ጀመርኩ። እምላችሁ፣ ድምፄ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲወጣ እኔው ራሴ ተገረምኩ። ወደ ሰሜኑ ወረዳዎች ጠቆምኩ። ወደ ምሥራቅ ዞርኩ። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ የጋሽ አበራ ዓይን ከስልኩ ተነስቶ ከመጋረጃው በላይ ወደ ሩቅ ማየት ጀመረ።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ ቀስ ብለው።

"ዝም ይበሉ ጋሽ አበራ፣ ድምፅ ይገባል።"

"ኋላሽን እይ።"

"አረንጓዴ ነው፣ አውቃለሁ" አልኩና ቀጠልኩ። "በአብዛኛው የክልላችን ክፍሎች ፀሐያማ ሆኖ..."

እዚህ ላይ ፀሐይ ጠፋች። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ይሉት የእኔን ነው። ያ ቡናማ ግድግዳ ደረሰና መጋረጃውን ከገመዱ ነቅሎ እኔ ላይ ጠቀለለው። አፌ አቧራ ሞላ። መቆንጠጫዎቹ እየተስፈነጠሩ አንዱ ጋሽ አበራን ግንባራቸውን መታቸው፤ ስልኩን ግን አልጣሉም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

መጋረጃው ውስጥ ስታገል ማዳም ደረሰች። መሥሪያ ቤቷ ኩዌት ሲቲ ነው፤ ጦዝ ይመጣል ተብሎ ቀድማ ወጥታ ልብሱን ልታስገባ ነበር የሮጠችው። አገር ምድሩ ጦዝ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ያላወቀችው የአየር ሁኔታ አቅራቢዋ ብቻ ናት። ማዳም ያየችው እንግዲህ ይህን ነው፦ ሾፌሯ ግንባሩን ይዞ ስልክ ደግኗል፣ ሠራተኛዋ የወንድ ኮት ለብሳ፣ ጀርባዋ ላይ የልብስ መቆንጠጫ ተንጠልጥሎ፣ በባሏ የዲዋኒያ መጋረጃ ተጠቅልላ በማታውቀው ቋንቋ ለአቧራው ንግግር ታደርጋለች።

"ሽኑ ሃዛ?" አለች፤ ምንድን ነው ይሄ ማለቷ ነው። ከዚያ ድምጿ ዝቅ ብሎ "መጅኑና ሆነች" አለች። አበደች። በቁጣ አልነበረም፤ ፈርታ ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ ስልክ ያነሳል። "ለመክተቡ ልደውል" ስትል መጀመሪያ ማማ ኡዳ ይስሙኝ ብዬ ለመንኳት።

ሳሎን ወርደን ማማ ኡዳ ፊት ቆምኩ። እውነቱን ተናገርኩ፦ አገሬ ላይ በቴሌቪዥን አየር ሁኔታ አቀርብ ነበር፣ ፈተና አለኝ።

"ቅጽሽ ላይ ማጠብና መተኮስ ነው የሚለው" አለች ማዳም።

"እሱንም እችላለሁ" አልኳት።

ማማ ኡዳ እጃቸውን አነሱ። "ተናገሪ" አሉኝ። "እኔ ማየቱን አልችልም፣ እሰማለሁ።"

ተናገርኩ። አቧራ የለበሰ ፊቴን ይዤ፣ ምንጣፉ ላይ ቆሜ፣ በአማርኛ፣ የክልላችንን የአየር ሁኔታ ከሰሜን እስከ ደቡብ ለሁለት ኩዌታውያን አቀረብኩ። ማማ ኡዳ ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ። አንድ ቃል አልገባቸውም።

"ይህ ድምፅ በየጠዋቱ አየሩን የሚነግረኝ ድምፅ ነው" አሉ ለማዳም። "ልጅቷ አላበደችም፣ ሥራዋ ነው። ዛሬ ደግሞ ዋሽታኛለች፤ ስለዚህ እውነተኛ የቴሌቪዥን ሰው ናት።"

ማዳም መጀመሪያ አማቷን አየች፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ሳቀች። ስቃ ስታበቃ ሰዓቱን ጠየቀችኝ። ለሰባት ሩብ ጉዳይ ነበር። "ያላ" አለችና፣ ቶሎ በሉ ማለቷ ነው፣ መጋረጃውን ራሷ አነሳች። እሷ አንዱ ሶፋ ላይ፣ ጋሽ አበራ ሌላው ሶፋ ላይ ቆመው ከፍ አድርገው ወጠሩት። ስልኩን ማማ ኡዳ የሚደገፉበት ብረት ላይ በክር አሰርነው። ፊቴን ታጠብኩ። የጋሽ አበራ ኮት አቧራ እንጂ ኮት አልመስል ስላለች አውልቄ ጣልኳት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለውን ያን ቀን ያስታወሰኝ የለም።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አንብቤ አላውቅም። ማዳም እንዳታስነጥስ አፍንጫዋን በክንዷ ይዛለች፤ ጋሽ አበራ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ የሚጸልዩልኝ መሰለኝ። እኔም ባዶ ጨርቅ ላይ የእናቴን ወረዳ በትክክል ጠቆምኩት። አምስት ደቂቃ ሲቀር ላክሁ። ማማ ኡዳ "ማብሩክ" አሉኝ፤ እንኳን ደስ አለሽ።

እናንተ እዚህ ጋ ስትደርሱ ነገሩ ገብቷችኋል። እኔ አልገባኝም ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ኃላፊው ካርታ የገባበትን ፊልም መልሶ ላከልኝ። ከፈትኩት። አንድ ራስ ተንሳፍፎ "እንደምን ዋላችሁ" ይላል፤ ሁለት እጆች ከወረዳ ወረዳ ይበራሉ። ደረቴ በሚሆንበት ቦታ የእኛ ወረዳ ይታያል፤ እላዩ ላይ የዝናብ ደመና ምልክት ተለጥፏል። ከሥሩ እንዲህ ጽፎልኛል፦ "እህቴ፣ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ያስለጠፍሽው እኮ አንቺ ነሽ። አነባበብሽ ከሁሉም ይበልጣል። ኮሚቴው ግን ስቆ ስቆ መጨረሻውን አልሰማውም። ቦታው ለሌላ ልጅ ሆኗል፤ በጣም አዝናለሁ።" መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ መተኮሻ ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ የተተኮሰ ልብስ እንዳላርስ ጎንበስ ብዬ አለቀስኩ።

ዓርብ ጠዋት እናቴ ደወለች። ኃላፊው ጎረቤታችን ነውና ፊልሙን ቤቷ ድረስ ወስዶ አሳይቷታል፤ ልጅሽ ዛሬም አሳቀችን ብሎ። ቀልዱን እኔው ልጀምርላት አሰብኩ።

"እማዬ፣ እንደገና ራሴና እጄ ብቻ ታየሽ አይደል? አይዞሽ፣ ቀሪው አለ።"

"የቀሪውን ተይው" አለችኝ። "እጅሽ ምን ሆኖ ነው?"

እጄን አየሁት። በረኪና የላጠው፣ መገጣጠሚያው ላይ የተሰነጠቀ፣ አንጓው ላይ የካውያ ጠባሳ ያለበት እጅ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ስንተያይ ፊቴን ብቻ ነበር የማሳያት፤ ታጥቤ፣ ቅባት ተቀብቼ። ሥራዬ አንዲት አሮጊት መንከባከብ ብቻ ነው ብያታለሁ። ዩኒፎርሙ ግን ሌላውን ሁሉ አጥፍቶ እጄን ብቻ አስቀረላት። ሦስት ደቂቃ ሙሉ ሌላ የምታየው ነገር አልነበራትም።

"አንዳንዴ ብቻ..." ብዬ ጀመርኩ። ጠበቀችኝ። ዓረፍተ ነገሩ አልቀጥል አለኝ።

"ያመኛል እማዬ" አልኳት። "ጣቶቼን ማጠፍ ያቅተኛል።"

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

"ሥራውንም አላገኘሁትም" አልኩ።

"ሥራውን ማን ጠየቀሽ? ነይ።"

"ሰው ምን ይለኛል?"

"ሰው መቼ ዝም ብሎሽ ያውቃል?" አለችኝ። "ለዝናቡ ሲሰድብሽ የኖረ ሰው አይደል? ነይ ልጄ።"

ስልኩን ዘግቼ ለማማ ኡዳ ሻይ ይዤ ገባሁ። ማዳም አጠገባቸው ተቀምጣለች። ማማ ኡዳ እንደ ልማዳቸው "ውጪው እንዴት ነው?" አሉኝ። መስኮቱን አየሁት፤ ዛፉም አጥሩም አቧራ እንደለበሱ ናቸው። "ዛሬም ጦዝ ነው ማማ፣ እስከ ማታ አይጠራም" አልኳቸው። ጉልበታቸውን ዳበሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ወሰንሽ?" አለችኝ ማዳም።

"እሄዳለሁ።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

አራት ዓመት በቴሌቪዥን፣ ሁለት ዓመት በስልክ፣ ይህን ጥያቄ በቀጥታ መልሼው አላውቅም ነበር።

"እርግጠኛ ነኝ ማዳም" አልኳት። "እስከዚያ ግን የእጅ ጓንት ግዢልኝ፤ መጋረጃው እንደገና መታጠብ አለበት።"